ትራስ ያሏት ጨርቅ ቆራጭ

ጨርቅ ቆራጯ እንቅልፍ የጎደላት ሴት አልነበረችም። ልጇ የቤት ሥራዋን ሳትጨርስ እሷ ጋደም ትላለች፤ ጠዋት ግን ስትደበደብ እንዳደረች ሁሉ አጥንቷ ድቅቅ ብሎ ትነሳለች። የስፌት ቤቱን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ፣ ልቧ ድው ድው ይላል። ቢሆንም እጇ ወርቅ ነበር፤ የሙሽራ ቀሚስ ለሌላ ቆራጭ አይሰጥም።

የስፌት ቤቱ ኃላፊ ምላሷ የሰላ ሴት ናት። "ትራስ" የሚል ስም አወጣችላት። "ትራስ መጣች፣ ፍራሽ አንጥፉላት!" ስትል ሰፊዎቹ ይንከተከታሉ። ቆራጯም አብራ ትስቃለች፤ ውስጧ ግን ብግን ይላል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለች። ኃላፊዋ አልቀሰቀሰቻትም። አፏን ከፍታ እንደተኛች ፎቶ አነሳቻትና "ትጉህ ሠራተኛችን" ብላ በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀችው። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ልጇ ጋ ደረሰ። ልጅቷ በማግስቱ እናቷ ትምህርት ቤት ልታደርሳት ስትነሳ "ግዴለም፣ ብቻዬን እሄዳለሁ" አለቻት።

ቆራጯን ያንገበገባት ይሄ ነው። "ቆይ ብቻ፣ ጉልበቴ ይመለስ!" አለች ጥርሷን ነክሳ።

ታላቅ እህቷ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደቻት።

"ጠግቤ እየተኛሁ ደከመኝ ልበላቸው? ይስቁብኛል" አለች ቆራጯ።

"ይስቁ! ብቻ ተናገሪ።"

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ሰው ጠግቦ ተኝቶም ሊደክመው እንደሚችል፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ስኳር፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ፣ የከረመ ጭንቀትም ሊያመጣው እንደሚችል አስረዳቻት። የዐይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየችና ጠየቀቻት፦

"የወር አበባ ይበዛብዎታል?"

"ኧረ እንደ ውሃ ነው! የሴት ነገር ነው ብዬ ትቼው ነው እንጂ።"

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ደሟ ክፉኛ አንሷል። ደሟን የሚያሟጥጠው ማህፀኗ ውስጥ ያደገ እጢ ነበር። እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ የአይረን ኪኒንም ታዘዘላት።

ከወራት በኋላ ደረጃውን ሳታርፍ ወጣችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። "ትራስ" ሲሏት እንደ ወትሮው እየሳቀች፣ ከሥራ ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባዶ ሱቅ ታያለች፤ ከጎበዞቹ ሰፊዎች ጋር ትንሾካሾካለች። የሠርግ ወቅት ሊገባ ሲል መቀሷን ይዛ ውልቅ አለችና በዚያ ሱቅ የራሷን ስፌት ቤት ከፈተች። ጎበዞቹ ሰፊዎች ተከተሏት፤ ሙሽሮችም እጇን ፍለጋ መንገዱን ተሻገሩ። የስፌት ቤቱ ባለቤት በንዴት ኃላፊዋን አባረራት።

ሴትየዋ ሰንብታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የቆራጯ ሱቅ በር ላይ ቆመች። ቆራጯ ድሮ "እርስዎ" ነበር የምትላት።

"ቁጭ በይ" አለቻት።

ረፋዱን ሙሉ አስቀመጠቻት። ሰፊዎቹ እያዩ፣ እሷ እያፏጨች ጨርቅ ቆረጠች።

"እህቴ፣ ያኔ እኮ ቀልዴን ነው" አለች ሴትየዋ በመጨረሻ። "መታመምሽን ባውቅማ..."

"ጤነኛ ብሆንስ ኖሮ? በልጄ ፊት ልታዋርጂኝ ነበር?"

"ሥራ ካለሽ ብዬ ነው የመጣሁት" አለች ሴትየዋ።

"የሥራ ቦታ አለኝ" አለች ቆራጯ። "ላንቺ ግን የለኝም።"

ሴትየዋ ስትወጣ የቆራጯ ታላቅ እህት ከጓዳ ብቅ አለች። "ምነው፣ ትንሽ እንኳ አንጀትሽን አልበላችውም?"

"አልበላችውም።"

ቆራጯ መስኮቱ ጋ ሄዳ ሴትየዋ መንገዱን ስትሻገር በዐይኗ ሸኘቻት። አንዴ ዞር ብላ እንድታያት ፈልጋ ነበር። ሴትየዋ አልዞረችም፤ ቆራጯንም ቅር ያላት ይህ ብቻ ነው።