ፈቃድ ያልጠበቀው ክራር

ዲቦራ መጀመሪያ ያየችው መምቻውን ነበር። አቢሶ ክራሩን የሚመታባት ቁራጭ ፕላስቲክ ሲም ካርድ የተነቀለባት ማቀፊያ ናት። ሲሟ ወጥታ የቀረችው ትንሽ መስኮት እንዳለች አለች፤ የአውራ ጣቱ ሥጋ በዚያች መስኮት ብቅ ብሎ ይታያል።

«አትሾልክብህም?» አለችው።

«መስኮቷ ናት የምትይዘኝ» አለና ሳቀ። «ከሱቄ የማይጠፋ ነገር ይሄ ብቻ ነው።»

አቢሶ በስደት አገር፣ ዛንድስፕሩት በሚባል የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው። ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ዳቦና ላምባ ይሸጣል፤ ደንበኛ ሲሳሳ ክራሩን ያነሳል። ክራር ከአጎቱ የተማረው ሆሳዕና ከተማ ሳለ፣ ገና በልጅነቱ ነው። ጣቶቹ ሲሮጡ ያየ ሰው ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ይቸገራል። ዲቦራ የትሮይቪል ሰፈር የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ተጫዋች ናት፤ በኖታ ለአራት ዓመት ተምራለች። እሱ በአንድ እጁ የሚያደርገውን ግን እሷ በሁለቱም አትሞክረውም።

የድሮ ክራር ጅማቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀንበሩ ላይ ይታሰራል። አንዱን ስታጠብቀው ሌላው ይላላል፤ ቅኝት ለመለወጥ ዘፋኙ ውሃ ጠጥቶ፣ ጎረቤቱን አዋርቶ ይጠብቃል። አንድ ቀን ግን ከደንበኞቹ አንዱ፣ ዙሉ ጊታረኛ፣ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ጊታሩን በሁለት ጠምዘዝ ሲቃኝ አቢሶ አየና የሚመዝነውን ስኳር ረሳው። ሰውየው ከተሰበረ ጊታር የተረፉ ስድስት መቃኛዎች ሰጠው። ስድስት መቃኛ፣ ስድስት ጅማት! አቢሶ ቀንበሩን በስቶ ተከላቸው። ለጅማት የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈታ፤ ከቆዳው ሥር ደግሞ ካሮጌ ስልክ የወጣች፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር የምትያያዝ ማይክ ለጠፈ።

የቀረው ፈቃድ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ክራር ገብቶ አያውቅም፤ አቢሶም እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ባዶ እጁን ይቀመጣል። ዛሬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ሊሰሙትና ሊወስኑ ተሰብስበዋል። ሰብሳቢው ጋሽ ዘነበ ናቸው፤ ለእሳቸው ክራር ማለት ጠጅ ቤት ነው።

«እንቢ ካሉስ?» አለች ዲቦራ ቀስ ብላ።

«መቃኛዎቹን ነቅዬ ለባለጊታሩ እመልሳለሁ። ሱቅም ውስጥ አልመታትም። በግማሽ ልብ አይሆንልኝም።»

እየቀለደ መስሏት ፊቱን አየችው። አልቀለደም።

ጋሽ ዘነበ ገብተው ጃኬታቸውን ወንበር ላይ ሰቀሉ። «ሳንዘምር ሳንጸልይ ጉባኤ አንከፍትም። እህት ዲቦራ፣ ኪቦርዱን ክፈቺ። አንተ ወንድም አቢሶ፣ ዕቃህ ይቆይ።»

«እሺ ጋሼ።»

ጋሽ ዘነበ ሲዘምሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ማንንም ሳይጠይቁም ልባቸው ከፈቀደው ከፍታ ይነሳሉ። ከዚያ በየአንቀጹ ወደ ላይ ነው። እሳቸው በሌሉበት መዘምራኑ «ሊፍት» ይሏቸዋል፤ መውጫ እንጂ መውረጃ የለውም። ዛሬም የአገር ቤቱን የሀዲይኛ መዝሙር አነሱ። ዲቦራ አንዱን ቁልፍ ነካች፤ ዝቅ አለ። ቀጣዩን ነካች፤ ከፍ አለ። ሽማግሌው ከሁለቱ ቁልፎች መካከል፣ ኪቦርድ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ቆመው ይዘምራሉ። እንደ ሁልጊዜው ተስፋ ቆርጣ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ያኔ ነው የሰማችው።

ዞር አለች። አቢሶም ዓይኑን ጨፍኗል። ክራሩ እቅፉ ውስጥ ነው፤ ቀኝ እጁ ይመታል፣ ግራው በመቃኛዎቹ መካከል ይመላለሳል። አንዷን ነካ፣ ሌላዋን ጠምዘዝ፣ ምቱ ግን አይቋረጥም። የመጀመሪያው አንቀጽ ሳያልቅ ስድስቱም ጅማቶች ያ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ከሽማግሌው ጎን ቆሙ። ሁለተኛው ላይ ጋሽ ዘነበ ወጡ፤ ክራሩም አብሯቸው ወጣ። ሦስተኛው ላይ ግን አልወጡም። ድምፃቸው ባለበት ረጋ፣ ወፈረ፣ ሰፋ። ዲቦራ አፏን በእጇ ያዘች። ይህን ሁሉ ዘመን ሽቅብ ያስሮጣቸው ብቻቸውን መሆናቸው ነበር እንዴ?

መዝሙሩ አለቀ። ጋሽ ዘነበ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አቢሶም ገለጠ። እጁ የት እንዳለ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይቅርታ ጋሼ! ዕቃህ ይቆይ ብለውኝ... እጄ ነው፣ ሳላውቅ...»

ከጋሽ ዘነበ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ጋሽ ታዬ፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ወንድሜ ዘነበ፣ ዛሬስ ሊፍቱ ቆመ!»

«ሊፍት? የምን ሊፍት?»

ዲቦራ ኪቦርዱ ላይ አቀረቀረች። ጋሽ ዘነበ ግን መልስ አልጠበቁም። ወደ አቢሶ ሄደው ጎንበስ አሉና አንዷን መቃኛ በጣታቸው ጫፍ ነኩ።

«ይቺን ስታዞራት ነው ወደ እኔ የመጣው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አርባ ዓመት ዘመርኩ። ኪቦርዱም ጊታሩም እኔን ነው ‹ወደዚህ ና› የሚለኝ። እኔ ወዳለሁበት የመጣ የለም።» ቀና አሉ። «በሉ እንጸልይ። ከዚያ የምንነጋገረው ነገ ክራሩ በየትኛው መዝሙር እንደሚገባ ነው። ድምፁን ግን ቀንሰው፤ ገና አልደነቆርኩም።»

አቢሶ «አሜን» አለ፣ ጸሎቱ ሳይጀመር።

ሲበተኑ ዲቦራ እስከ በር ሸኘችው። ክራሩን በበቆሎ ዱቄት ጆንያ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አዘለ። ሱቁን ዘግቶ ስለመጣ ቸኩሏል።

«ነገ እኔና አንተ ማን ማንን ነው የምንከተለው?» አለችው።

«ሁለታችንም ጋሼን። አንቺ ኪቦርድሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ስንገባ እጅሽን አንሺ፣ ስንወጣ መልሼ እቀበልሻለሁ።»

«እንዴት አውቃለሁ?»

«ትሰሚያለሽ!» አላት፣ መንገዱን ጀምሮ።

ቁልቁለቱን ወረደ። ከኋላው ታክሲ ሲመጣ፣ ወደ ሱቁ የሚወስደውን ከመሃል ከተማ ሊይዝ፣ እዚያ አገር ‹ወደ ከተማ› ለማለት እንደሚደረገው ሌባ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። ሞልቶ ነበርና አለፈው። እሱ ግን እጁን ሳያወርድ መራመዱን ቀጠለ፤ መምቻዋን ማውለቅ ረስቶ ኖሮ አውራ ጣቱ ላይ ያቺ ትንሽ መስኮት ታበራለች።