ለሌለ አጥንት አንጮቴ

ባለቤቴ ምላስ ነበራት። ይህን ስል ስሟን ማጥፋቴ አይደለም፤ እሷም አትክደውም። ቅቤና ማር ነጋዴ ናት። መቱ ገበያ ወርዳ በኦሮምኛ ተከራክራ፣ በአማርኛ ተሳድባ፣ በሁለቱም ሰው አስቃ ትመለሳለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በትዳር ዘመናችን ከተከራከርነው ሁሉ አንዱንም ማሸነፌን አላስታውስም።

ስለዚህ የታችኛው መንጋጋዋ በግራ በኩል ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ ያሾፍኩት እኔ ነበርኩ። "ብዙ ስለሠራሽበት ነው፣ እረፍት ስጪው" አልኳት። ጥርስ ነው ብለን አስነቀልን። ጥርሱ ሄደ፣ እብጠቱ ቀረ። እዚህ መቱ ያያት ሐኪም ወደ ጅማ ላከን፤ ጅማ ደግሞ ከእብጠቱ ቆንጥረው መረመሩና የበሽታውን ስም ነገሩን። እኛ ዘንድ ያ ስም አይጠራም። "ያ ክፉ በሽታ" ይባልና ይታለፋል። የመንጋጋዋ አጥንት ከግራ ተቆርጦ እንደሚወጣ፣ በቦታው ብረት እንደሚገባ ተነገረን።

የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ "ለሰፈሩ ሰው ደውልና ወድቃ መንጋጋዋ ተሰበረ በላቸው" አለችኝ።

"ለምን?"

"ስሙን ከሰሙ ሳልሞት ያለቅሱልኛል። በቁሜ ለቅሶ አልቀመጥም።"

እውነቷን ነው። ሰፈራችን ያንን ስም ከሰማ በኋላ የሰውየውን ፊት ሳይሆን ጉድጓዱን ነው የሚያየው። ደወልኩላቸው፤ ከቡሬ መጥተው እኛ ሰፈር ላረጁት ጎረቤታችን። እትዬ ነው የምንላቸው። "ደረጃ ላይ ወደቀች" አልኳቸው። "እሰይ፣ ስብራት ብቻ ከሆነ!" አሉኝ።

ከቀዶ ሕክምና ስትወጣ ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ነበር። ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የወረደውን ስፌት ሳልፈልግ በሙያዬ ዓይን አየሁት። እኩል ነው፣ አልተሸበሸበም፤ የሰፋው ሰው እጅ አለው። የላይና የታች ጥርሶቿ በቀጭን ሽቦ ተጠላልፈው ታስረዋል። በዚያ ሁሉ ምላስ ላይ በር ተዘጋበት ብዬ አሰብኩና አለቀስኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሁሉንም ማውጣት አልቻልንም" አለኝ። "ወደ ላይ ወደ ጭንቅላቷ ሥር ገብቷል። እሱን ብንነካው ከጠረጴዛው አትነሳም ነበር።"

"ተመልሶ ያድጋል?"

"ያድጋል። ቁስሉ ሲሽር ጨረር እንሞክራለን። ጊዜ ቢጨምርላት ነው እንጂ አያድናትም።" ቀጥሎም፣ "እኔ ልንገራት ወይስ እርስዎ ይነግሯታል?" አለኝ።

"እኔ እነግራታለሁ" አልኩት። ሁለታችንም እንደማልነግራት እናውቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም፤ ለአስታማሚ ይነገራል፣ አስታማሚውም ይዞት ይቀመጣል። አባቴን ሪህ ነው እያልነው ነው የቀበርነው። እናቴ እንዲያ አድርጋ ነበር፣ ወንድሞቼም፤ ሌላ መንገድ ያሳየኝ ሰው የለም።

ስትነቃ በዓይኗ ፈለገችኝ። እጇን አንስታ በአገጯ ላይ እንደ ቢላ አሳለፈችና ቅንድቧን ወደ ላይ ሳበች። ወጣ ወይ ማለቷ ነው። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይኗን ጨፍና እጄን ጨመቀችው። እንግዲህ ለሰፈሩ አብረን የሰፋነው ውሸት፣ እሷ የማታውቀው ገበር ገባለት።

ከመውጣታችን በፊት ነርሷ አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ፦ ካስመለሳት አፏ ስለማይከፈት ትታፈናለች፤ ያኔ ሽቦውን ቶሎ መቁረጥ ነው። ከገበያ ቆራጭ ፒንሳ ገዛሁና ኪሴ ከተትኩ። ከበደሌ ወዲህ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጤነኛውንም ያዞራል። አንድ ኩርባ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ ወዝቷል። መስኮት ክፈቱ ብዬ ጮህኩ፤ ነፋስ ይመታናል የሚል ተሳፋሪ ተቆጣ፤ እኔም ፒንሳውን አውጥቼ ስቆም ሰውየው ሊወጋኝ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ መስኮቱን እስከ ጥግ ከፈተው። አየሩ መታት፣ ማቅለሽለሹም አለፈላት። መቱ እስክንደርስ ፒንሳውን ከእጄ አላወጣሁትም።

ቤት ስንደርስ አንጮቴው ጠበቀን።

በእኛ አገር አጥንቱ የተሰበረ ሰው አንጮቴ ይበላል። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤ ተለውሶ ሲበላ አጥንት ይገጥማል ይባላል፤ ሕፃን ሆነን ክንዳችን ሲሰበር ሁላችንም በልተነዋል። መስቀል ያለፈበት ሰሞን ነበርና ወቅቱም ነው። ከጎሬ እህቷ በከረጢት ላከች። ከቡሬ የእትዬ ዘመዶች ላኩ። ስኳር የምንገዛበት ሱቅ ባለቤት እስላሙ ነጋዴ እንኳን፣ ከሚስቱ ጓሮ የተቆፈረ አንድ ዘንቢል ይዞ መጣ። ሰው ወድዷት ነው ያመጣላት፤ ያ ነው ያንገበገበኝ። ጓዳው እስከ በሩ በአንጮቴ ተሞላ፤ ይገጥማል የተባለው አጥንት ግን ጅማ ቀርቷል።

ብጥለው ደግሞ ሰው ያያል፤ እሷም የሰው ፍቅር አይጣልም ባይ ናት። እቀቅለዋለሁ፣ እላጠዋለሁ፣ እፈጨዋለሁ፣ በወተት አቀጥነዋለሁ፤ ከዚያ ከሱቄ ባመጣሁት ስስ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። በስሪንጅ ስቤ፣ ጫፉ ላይ ባለችው ለስላሳ ቱቦ ከመጨረሻው ጥርሷ ኋላ ባለው ክፍተት ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ። ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ በአገጯ ይወርዳል። ሲያቃጥላት እጄን ትመታኛለች፤ ስቸኩል በዓይኗ ትሰድበኛለች። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ቤታችን በወርቅ ተሞልቶ እንደዚያ ጊዜ ደኽይቼ አላውቅም።

እትዬ በየቀኑ ይመጣሉ። ጉንጯን በመዳፋቸው ደገፍ አድርገው፣ "ለፌን ኒ ፈያ፣ ልጄ። አጥንት ይድናል። የማይድነው ሌላ ነው" ይሏታል። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አንተ ጎበዝ ነህ፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ወሰድካት" ይሉኛል። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" እላቸዋለሁ። ውስጤ ግን ያንን ሁሉ አንጮቴ አንስቼ መንገድ ላይ መበተን ያምረኝ ነበር። በእሳቸው አይደለም የተናደድኩት። ተስፋ ስላላቸው ቀናሁባቸው።

አንድ ጠዋት ፊቷን በለብ ያለ ውሃ ሳጥባት ከጆሮዋ ሥር ጣቴን አንድ ነገር ገታው። ትንሽ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ከስፌቱ በላይ ነው። ጨርቅ ውስጥ ገበር ሲቋጠር ሳላይ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ይህም ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። እሷም እጇን ሰድዳ ዳሰሰችውና አየችኝ። "ብረቱ ነው" አልኳት። አመነችኝ። ከዚያ በኋላ ፊቷን ባጠብኩ ቁጥር ጣቴ ሳልፈልግ እዚያ ይሄዳል፤ እያደገ ነበር።

ሽቦው የሚፈታበት ጊዜ ደርሶ ጅማ ተመለስን። ሐኪሙ ያንን ደረቅ ነገር ሲነካ እኔን አየኝ። የጨረሩንም ቀጠሮ ሰጠን። ለቁስሉ ነው አልኳት። ሽቦው ተለቅሞ ሲያልቅ አፏ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። ከንፈሯ በግራ በኩል ወርዷል። ያንን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችውን ምን ብላ ትጀምር ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ሸሚዜን እያየች፣ "ቁልፍህ ጎድሏል። ልብስ ሰፊ ተብዬ!" አለችኝ። ነርሶቹ ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በደስታ መሰላቸው።

በተመለስን በእሑዱ ጎረቤቱ ጠበል ጠዲቅ አዘጋጅቶ ቤታችን ሞላ። እንኳን እግዜር ማረሽ ተባለ፣ ተመረቀች። እሷም ያላሰብኩትን አደረገች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

"እኔ አልወደቅኩም" አለች። ቃሉ በአንድ በኩል ነው የሚወጣው፣ ቀስ እያለች። "የተሰበረም ነገር አልነበረም። ካንሰር ነው የነበረብኝ። እንዳታለቅሱብኝ ብዬ ነው የዋሸኋችሁ፤ ይቅር በሉኝ። አሁን ተቆርጦ ወጥቶልኛል። ስለዳንኩ ነው የምነግራችሁ።"

እትዬ ደረታቸውን ያዙ። "እውነት ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ልጄ?"

"ሐኪሙ የነገረው እሱን ነው" ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ንገራቸው እንጂ!"

ሁሉም አየኝ። "ወጥቷል" አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝም።

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ገበያ ላይ እንደምታደርገው። "ጮክ በል! አፉ ታስሮ የከረመው የማን ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እሷም በግማሽ ከንፈሯ ሳቀች። እኔም ጮክ ብዬ፣ "ሙሉ በሙሉ ወጥቷል! አለቀ!" አልኩ። እልልታው ውጭ መንገድ ድረስ ተሰማ።