ወፏ ቤቱን እስክትለምድ

ባለቤቴ ከሞተ በሰባተኛው ወር የሥራ ባልደረባው የነበረ መምህር ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ሲል ካናሪ የምትባል ወፉን ይዞልኝ መጣ። ቢጫ ናት፣ ጭብጥ አትሞላም። «መንገዱን አትችለውም፣ አንቺ ዘንድ ትቅር» አለኝ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። ተቀበልኳት።

ከሽቦ ቤቷ ጋር ማሳሰቢያ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ። ነፋስ አይምታት። ጭስ አይድረስባት። ዶሮ ካለሽ አንድ ወር አታቀላቅያቸው። ከነካሻት በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ላባዋን ነፍታ ከተቀመጠች፣ ስትተነፍስም ጅራቷ ከፍ ዝቅ ካለ ሐኪም ጋ ውሰጃት። መጨረሻው ላይ «የላባዋ ብናኝ አስም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም» ይላል። እዚህ ስደርስ ቀና ብዬ እናቴን አየኋት።

እናቴ አስም አለባት። ለቀብሩ ከአገሯ ከሻንቶ ስትመጣ ያስቀረኋት እኔው ነኝ። እዚያ የምታነደው እንጨት ደረቷን ጨረሰው፣ ሐኪሙም «ጭስ አይታሰብም» ብሏታል። እኔ ቤት የሚበሰለው በኤሌክትሪክ ነው። እንዴት ነሽ ሲሉኝ «እናቴን እያስታመምኩ ነው» እላለሁ። ጥሩ መልስ ነው፣ ሰው ሌላ አይጠይቅም። የቤተክርስቲያን ሴቶች «ጌታ ያጽናሽ» ሲሉኝ «አሜን» እላለሁ። በቀብሩም ቀን፣ ከዚያም ወዲህ አላለቀስኩም።

እዘዙኝ ብቻ፣ እፈጽማለሁ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፣ ወፏን መኝታ ቤቴ አስገባሁ፣ እናቴን «እዚህ ክፍል ድርሽ እንዳትዪ» አልኳት። እጄ እስኪሰነጣጠቅ ታጠብኩ።

«ይሄ ሁሉ ለወፍ?» አለች በወላይትኛ። ቤት ውስጥ የምናወራው በእሱ ነው።

«ለደረትሽ ነው።»

«ወይ የኔ ደረት!» ብላ ሳቀች።

በአራተኛው ቀን ከቢሮ ቀደም ብዬ ስመለስ የእናቴ ሳል ከውጭ በር ተሰማኝ። መኝታ ቤቴ ገባሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወፏ ወለሉ ላይ ናት፣ አንድ እግሯ በጥቁር ክር ከአልጋው እግር ጋር ታስሯል። እግሯ አብጧል። ላባዋን ነፍታለች፣ ጅራቷም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የፈሩት ይደርሳል።

እኛ ዘንድ ከገበያ የመጣች ዶሮ ቤቱን እስክትለምድ ሦስት ቀን ትታሰራለች። ካልታሰረች ጠፍታ ትቀራለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ እንዲህ ስታለምድ ነው የኖረችው። ግን ካናሪ! እኔ ቢሮ ስሄድ እያሰረች፣ ከመምጣቴ በፊት እየፈታች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

«ምን ነካሽ እማዬ! ያን ሁሉ ያነበብኩልሽ ለምን ነበር?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ወረቀትሽ ዶሮ አርብቶ አያውቅም» አለችኝ እየሳለች።

ወፏን በጫማ ካርቶን አድርገን በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። እግሯ ላይ የቀረውን ክር ሐኪሙ በትንሽ መቀስ ቆረጠው። ትተርፋለች፣ እግሯ ግን ሊጠምም ይችላል፣ በደንብ አሙቋት አለ። ከዚያ እናቴን አየና «እማማን እንኳ እኔ አላክማቸውም፣ የሰው ሐኪም ያሳዩአቸው» አለ። ሁለቱም እኩል ያለከልኩ ነበር።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ «ደረትሽን እያወቅሽ ለምን ገባሽ?» አልኳት።

«ከለመደች ልሄድ ነበራ።»

«የት?»

«ቤቴ ነዋ። እኔ የተቀመጥኩት ላንቺ ብዬ አይደል እንዴ? አትበዪ፣ አትተኚ፣ አታለቅሺ። እንዴት ብቻሽን ጥዬሽ ልሂድ? ነፍስ ያለው ነገር ቤትሽ ሲገባ፣ ተመስገን፣ እሷ ትለምድና እኔ እሄዳለሁ አልኩ።»

ሰባት ወር ሙሉ አስታማሚዋ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አፈርኩ። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ መንገዱን አየሁ።

«ወፏን ለሰው እሰጣለሁ፣ አንቺ ቅሪ» አልኳት ቤት ስንደርስ።

«ብትሰጪያትም እሄዳለሁ። ቤት አለኝ እኮ።»

ቅዳሜ መናኸሪያ ወስጄ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት። የሚነፋ መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። እንጨት አላነድም ብላ ማለችልኝ፣ አላመንኳትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች።

«ለመደች?»

«ለምዳለች። እግሯ ጠመመ እንጂ ዛሬ ጠዋት ዘመረች።»

ደረቷ ሲያፏጭ በስልኩ ይሰማኛል።

«እያነደድሽ ነው አይደል?» አልኳት።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«ለመድሽ ወይ?»

«ወፏን ነክቻት ነበር፣ እጄን ልታጠብ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ወፏን ያን ቀን ጨርሶ አልነካኋትም።