ጫማውን አውልቆ የመጣው ተማሪ

የልጅ ልጄ ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው የሚማረው። አንድ ቀን ደረቱን ነፍቶ መጣና «እምዬ፣ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ተፈራረምን። የነሱ መምህራን ወደኛ፣ የኛ ወደነሱ ሊመላለሱ ነው፤ ባህልም እንለዋወጣለን» አለኝ። እንግዶቹ በግብዣው ላይ እስክስታ ቢሞክሩ ትከሻቸው እንደ ተቀበረ ችካል አልነቃነቅ አላቸው አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ባገራችን የመጀመሪያው ነው» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ ነኝ። ግን እንዲህ ያለውን ስምምነት በልጅነቴ፣ በጣልያን ጊዜ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያስማማችውም እናቴ ናት። እሷም ፊደል አልቆጠረችም። በል እንግዲያ ጻፍ አልኩት፣ ያልኩህን ሳታሳምር።

አገራችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ፍኖተ ሰላምም ያኔ ይኼ ስም አልወጣለትም። ከቤተ ክርስቲያናችን በታች፣ ከዋርካው ሥር፣ የቅኔ ቤት ነበር። ቤት ስላችሁ ግንብ እንዳይመስላችሁ፤ ተማሪዎቹ በጃቸው የቀለሷቸው ጎጆዎች ናቸው፣ ዶሮ ብትዘል የምትሻገራቸው። ውስጣቸው ግን ከላስታ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር እግሩ እስኪነቃ ተጉዞ የመጣ ሰው ነበር። ንግግራቸው ለየቅል ነው። የላስታው ተማሪ ውሃ ሲለምነኝ ሆን ብዬ «አልገባኝም» እላለሁ፤ የሸዋው ይተረጉምልኛል፤ «እሱም አልገባኝም» እላለሁ። በጥም ሊሞቱ ሲሉ እቀዳላቸዋለሁ።

የኔታ አጭር ሰው ነበሩ፤ ጺማቸው ሲታይ እሳቸው ተከትለውት የሚሄዱ ይመስላል። ያገሩ ሊቅ ሁሉ ግን ይፈራቸዋል። ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና አንዲት ቃል ብቻ ይለውጡለታል። እኔ ዋርካው ሥር እንጨት የምለቅም መስዬ አያቸው ነበር። ቃሏ የተለወጠችለት ተማሪ ፊቱ ሲበራ ምን እንደተባለ ሳላውቅ እኔም ደስ ይለኛል። ደሞዝ የላቸውም፤ ተማሪውም አይከፍላቸው። ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ በትር ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ሴቶቹ ንፍሮም ቆሎም ቁራሽም አኮፋዳው ውስጥ ይጨምሩለታል። ያ ሁሉ ሊቅ የወጣው ከሴቶች እጅ ነው እላችኋለሁ፤ ሊቃውንቱ ይኼን ሲናገሩ ግን አልሰማሁም።

ያኔ አባቴ ቆላ ወርዶ ከአርበኞቹ ጋር ነው። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቷል። አርበኞቹ መንገድ ላይ አደጋ በጣሉ ቁጥር ጣልያኑ አገኘሁ ያለውን መንደር ያቃጥላል። የወንዝ ማዶው መንደር እንዲያ ሆኖ አመድ ሆነ።

በዚህ መሀል ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በጥቂት ቀን፣ አንድ መነጽር ያደረገ የጣልያን መኮንን በበቅሎ ከች ያለው። ከመረብ ማዶ የመጣ አስተርጓሚ አብሮት አለ። ከበቅሎው ወርዶ የኔታን እጅ ነሣና እንዲህ አለ፤ «ባገሬ ትልቁ ትምህርት ቤት ግእዝ ተምሬአለሁ፣ ከመጽሐፍ። ቅኔ ላይ ስደርስ ግን የሚያስተምረኝ አጣሁ። ሊቁ እዚህ አሉ ብለውኝ መጣሁ፤ ያስተምሩኝ።»

የኔታ ጺማቸውን ይዘው ወደ ጎጆዎቹ አዩ። የጨነቃቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እምቢ ቢሉ ጎጆዎቹ ሳይመሽ ይነዳሉ። እሺ ቢሉ አርበኞቹ «ጣልያን የሚያስተምር ባንዳ» ብለው ይመጡባቸዋል። በየትም ቢሄዱ ቅኔ ቤቱ አለቀለት። ተማሪዎቹ ደበሎአቸውን መጠቅለል ጀምረዋል።

«እዚህ ተማሪ የምቀበል እኔ አይደለሁም» አሉ የኔታ።

«ታዲያ ማነው?» አለ አስተርጓሚው።

«የሚያበሉት ናቸዋ። በቅሎውን ይተው፣ ሽጉጡን ይተው፣ ጫማውን ያውልቅ። እንደ ልጆቼ ለምኖ ይብላ። አገሩ ካበላው አስተምረዋለሁ። ባዶ አኮፋዳ ይዞ ከተመለሰ አገሩ አልፈቀደም ማለት ነውና እኔን አይቀየመኝ።»

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔታ፣ ይኸን ብተረጉምለት እኔን ነው የሚገድለኝ።»

«አሳምረህ ተርጉምለት።»

አሳመረውም አላሳመረውም እንጃ፣ ተረጎመለት። ፈረንጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር። ክፉኛ ገረመኝ። እኛ መንደር ሰው ጫማ ለማድረግ ይሞታል፤ ይኼ ደግሞ ያለውን አወለቀ።

በማግስቱ ሊለምን ወጣ። እግሩ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ጠጠሩ ላይ ሲራመድ ፍም የሚረግጥ ነው የሚመስል። የላስታው ተማሪ በትር አውሶታል፤ የተዋሰው ደበሎ ወገቡ ጋ አልቆበታል። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከኋላው ነን፤ ፊተኛዋም እኔ ነኝ።

መጀመሪያው ደጅ ደርሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። አባባሉስ ደህና ነበር። ሴትዮዋ ብቅ ብላ «እግዜር ይስጥህ» አለችው። እኛ አገር ይኼ ሂድ ማለት ነው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ «አሜን» አለና አመስግኖ አለፈ። ሁለተኛዋም «እግዜር ይስጥህ»፣ እሱም «አሜን»። እንዲህ እየተመረቀ መንደሩን አዳረሰው። እንደዚያ ቀን የተመረቀ ጣልያን የለም፤ አኮፋዳው ግን ባዶውን ነው።

ለካ ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ ተመካክረዋል። «የሷ ባል ጫካ ነው። እሷ ከሰጠች እንሰጣለን፤ እሷ ከነሳች እንነሳለን» ተባብለዋል። እሷ የተባለችው እናቴ ናት። ቤታችን ከመንደሩ ጥግ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ደረሰ። ውሻችን ሲሮጥበት የጠራሁት ትንሽ ዘግየት ብዬ ነው። ተማሪ ሁሉ የቀመሰውን እሱስ ለምን ይቅርበት።

እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። አልተነሣችም። ጎረቤቶቹ ባጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። ሌላው ሰው ፈረንጁን «ጌታው» ነው የሚለው። እናቴ ግን ልክ እንደ ልጅ፣

«አንተ፣ በማን ስም ነው የምትለምን?» አለችው።

አማርኛው እንደ እግሩ ነው፣ እየተደናቀፈ ይሄዳል። «በማርያም» አለ።

«የወንዝ ማዶው መንደርም የማርያም አጥቢያ ነበር። ታውቀዋለህ?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አውቃለሁ» አለ። እኔ አልነበርኩበትም አላለም። እናቴ ኋላ ስትነግረኝ፣ እንደዚያ ቢል ኖሮ ውሻውን እንደገና ትለቅበት ነበር።

እንዝርቷን አስቀመጠች። «ስማ። ለጣልያን የምሰጠው ንፍሮ የለኝም። ለተማሪ ግን አለኝ። ተማሪ ከሆንክ የኔታ አባትህ ናቸው፤ የቅኔ ቤቱ ልጆች ወንድሞችህ ናቸው፤ ያበላሁህ እኔም እናትህ ነኝ። የናቱን ቤት የሚያቃጥል፣ ሲቃጠልም ቆሞ የሚያይ ልጅ እኛ አገር የለም። ይኼን ከተቀበልክ አኮፋዳህን ክፈት። ካልተቀበልክ ጫማህ ካወለቅህበት አለልህ።»

እናቱ ነኝ ስትል ባጥሩ ላይ የነበሩት ሳቁ። ሰውየው በዕድሜ እሷን ይበልጣታል።

እሱ ግን አልሳቀም። ነገሩ ሲገባው አኮፋዳውን በሁለት እጁ ከፈተላት። አንድ ሙሉ እፍኝ የሽምብራ ንፍሮ ጨመረችለት። «ጨው ጣል አድርጊለት፣ አንቺ» አለችኝ። ባጥሩ ላይ የነበሩት አንገቶች ጠፉ፤ እያንዳንዷ ወደየቤቷ ሮጣለች። ከዚያ በኋላ አኮፋዳው ሞልቶ የላስታው ተማሪ ተሸከመለት። ይኼው ነው ስምምነቱ።

የኔታም ቃላቸውን ጠበቁ። ፈረንጁ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ፣ ሽጉጡንና ጫማውን ከአስተርጓሚው ጋር እየተወ፣ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከሁሉም አዲሱ ተማሪ ስለሆነ ከጀርባ ነው ቦታው። መጽሐፍ የተባለውን ሁሉ ያውቃል፤ ቅኔ ቁጠር ሲሉት ግን ምጥ ነው። የኔታ ሰምተው ሰምተው «ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ ነፍስ ግን የለውም። ሂድና እንደገና ተራብ» ይሉታል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። መሳቁን ወደድኩለት።

አንድ ቀን ያገሩን ትምህርት ቤት እንዲያወራላቸው ጠየቁት። ግንብ ነው አለ፤ ተማሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አይለምንም።

«ውሻስ የለም?» አለ የላስታው።

«የለም።»

የኔታ ከልባቸው አዘኑ። «አገሩ ካልመገባቸው መማር የሚገባውን በምን ይለዩታል?» አሉ። ከዚያ ያገሩን የማርያም ውዳሴ እንዲያዜም አደረጉት። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው እስኪያልቅ ሰሙት። «ዜማው ይደርቃል» አሉ፤ «ጸሎትነቱ ግን እውነት ነው። በሉ፣ እናንተም መልሱለት።» ተማሪዎቹ በኛ ዜማ ሲመልሱለት ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

ወሬው ቆላ መድረሱ አልቀረም። አባቴ በእህል ሸማች በኩል «ጣልያን ትቀልቢያለሽ አሉኝ» ብሎ ላከባት። እሷም በዚያው ሰው «እውነታቸውን ነው። አንተ ጠመንጃ ይዘህ ጠብቀን፤ እኔ ሽምብራ ይዤ እጠብቃለሁ። የማን እንደሚበልጥ አብረን እናያለን» ብላ መለሰች። መልስ ቢዘገይም መጣ፤ «ሽምብራው እንዳያልቅብሽ» የሚል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አርበኞቹ ቡሬ መንገድ ላይ ጣልያንን መቱት። ሳይውል ሳያድር የላይኛው መንደር ሲጨስ አየን። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ ወደ ገደሉ ይወርዳል። እናቴ ግን ፈረንጁ በመጣ ቁጥር ዋርካው ሥር የምታደርሰውን ንፍሮ ጥዳለች። «እንሂድ» ስላት «ዛሬ የተማሪው ቀን ነው» አለችኝ። እውነትም ፈረንጁ የሚመጣበት ቀን ነበርና ማለዳ መጥቶ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ብድግ ሊሉ ሲሉ የኔታ «ገና አልጨረስንም» አሏቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

ወታደሮቹ ችቦ እያበሩ ደረሱ። አለቃቸው በፈረስ ነው። እናቴ ንፍሮውን በቁና ይዛ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ በመካከላቸው አልፈን ገባን። አላየቻቸውም፤ እንደ ሌላው ቀን ከነባሮቹ ጀምራ ለያንዳንዱ እፍኝ እፍኝ እየሰጠች ወደ ጀርባ ሄደች። ፈረንጁ ጋ ስትደርስ ቆመች። እሱም አያት፣ አለቃውም ከፈረሱ ላይ ሁለቱንም ያያል። በወታደሮቹ ፊት እጁን ለኛ ሴት ቢዘረጋ ውርደቱ ነው። ባይዘረጋ ጎጆዎቹ ይነዳሉ።

ሁለቱንም እጁን ዘረጋ። እናቴ ሞልታ ሰጠችው። ቁጭ ብሎ አንድ አንድ ሽምብራ እየለቀመ በላ፤ ጨርሶ እጁን በደበሎው ጠረገና ተነሣ። በባዶ እግሩ ሄዶ ከጎጆዎቹ ፊት ቆመ። አለቃው በቋንቋቸው ጮኸበት፤ ወደ እግሩ እያመለከተ ምራቁን ተፋ። እሱ ቀስ ብሎ ይመልስለታል፤ ካለበት ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አለቃው ችቦውን ከወታደሩ ቀምቶ ጭቃ ላይ ጣለውና ፈረሱን አዞረ። ሰውየውን በሁለት ወታደር አስይዞ ይዞት ሄደ። እንደዚያው በባዶ እግሩ። ከዚያ ወዲያ አላየነውም፤ ሌላ አገር ወሰዱት አሉ።

የኔታ መንገዱን ሲያዩ ቆይተው «ቅኔው ገና ነበር» አሉ፤ «ሰውየው ግን ደርሷል።» ከዚያም ተማሪዎቹን «የት ነበርን?» ብለው ጠየቋቸው።

ሲመሽ የላይኛው መንደር ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው በዝናብ መጡ። ቤት የቀራቸው የለም። የኔታ ጎጆዎቹን አስለቅቀው ለነሱ ሰጡ፤ ተማሪዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተኮራምተው ከረሙ። እናቴና ጎረቤቶቿም ለተማሪም ለተፈናቃይም የሚሆን ንፍሮ ሲቀቅሉ ከረሙ፣ እኔም እንጨት ስለቅም። ዋርካው ሥር የተማሪው ድምፅ በሕፃናቱ ለቅሶ ተዋጠ። የኔታም አንዱ አዲስ የተወለደ ሲያለቅስ እንደ ቅኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው «ተዉት ይጨርስ፤ ይኼኛው ነፍስ አለው» ይሉ ነበር።