በመስቀል ሳምንት ያልተቆጠሩት እንግዶች

በቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርሁት በአንድ ሰኞ ማለዳ ነው። ከዚያ በፊት በዚሁ በአርባ ምንጭ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ። ዝውውሩን የጠየቅሁት ራሴ ነኝ። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ መሠረት ጠረጴዛዬን አሳዩኝና ሳልቀመጥበት ከላይኛው የከተማው ክፍል ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ይዘውኝ ወረዱ። አንድ ሆቴል ገብተን ከእንግዳ መቀበያው ፊት አቆሙኝ፤ የክፍል ቁልፎች የሚንጠለጠሉበትን ሰሌዳም በጣታቸው አመለከቱኝ።

«መምህር፣ እንግዳ ማለት ይኸው ነው» አሉ። «ቁልፉ ሰሌዳው ላይ ከሌለ ሰውየው መጥቷል። ካለ አልመጣም። ሌላውን ለስብሰባ ይተዉት።»

የሥራ መደቤ «የቱሪዝም መረጃ ባለሙያ» ይባላል። ሆቴሎች ያሳደሩትን ሰው በቅጽ ያሳውቃሉ። የነጭ ሳር ፓርክ በር፣ የጫሞ ሐይቅ የጀልባ ማረፊያና የዶርዜ መንደርም የገባላቸውን ሰው ያሳውቃሉ። እኔ አጠናቅራለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው አሠራር ሁሉንም መደመር ነበር። አንድ ጀርመናዊ ሆቴል ካደረ፣ ጠዋት በጀልባ ሄዶ አዞ ካየ፣ ከሰዓት በኋላ ዶርዜ ከወጣ በሪፖርቱ ላይ ሦስት ጀርመናዊ ይሆናል። ይህን አስቀረሁ። ሰውን በአልጋ፣ ጉብኝትን በበር ቆጠርሁ፤ ሁለቱ በአንድ ዓምድ እንዳይደመሩም ከለከልሁ። በመጀመሪያው ሪፖርቴ ቁጥሩ በእጅጉ ወረደ። አንድ የሥራ ባልደረባ በኮሪደሩ ሲያልፍ «መምህሩ ከመጡ ወዲህ ቱሪስት ጠፋ» ሲል ሰማሁት።

የጉዞውን ጠባይ ለማወቅ ብዙ ወቅት ፈጅቶብኛል። የውጭ አገር ጎብኚ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል፤ የሚያመጣው መኪና ግን ፊቱን ወደ ጂንካ ያዞረ ነው። አርባ ምንጭ ለእርሱ ማደሪያ ናት። አመሻሹ ላይ ገብቶ፣ ሁለቱን ሐይቆች ከሰገነት አይቶ፣ ማለዳ ይነሣል። የአገር ውስጡ ሰው ለስብሰባ፣ ለሠርግ ወይም ልጁን ለማስመረቅ ይመጣል። ቤተሰቡን ይዞ፣ ዓሣውን በልቶ ይሰነብታል። ስለዚህ ከተማዋ በይበልጥ የምትኖረው በፎቶግራፍ በማናየው በዚህ ሰው ነው ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፉ ታትሞ ታደለ። ያነበበው ሰው ስለ መኖሩ ማስረጃ የለኝም።

ማቴዎስ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የፕሮሞሽን ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። የዶርዜ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ጋሞኛውም አማርኛውም እንግሊዝኛውም እንደ ውኃ የሚወርድለት። በአማካይና በመካከለኛ ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት ደጋግሜ አስረድቼዋለሁ፤ ደጋግሞ ረስቶታል። ሰው ግን ይነግረዋል። ጀልባ ነጂዎቹ ለእኔ ቅጹን ሞልተው ይሰጡኛል። ለእርሱ ማን ከማን ጋር እንደ መጣ፣ ጎብኚው ምን እንዳስቀየመው፣ ለምን ቀድሞ እንደሄደ ይተርኩለታል። በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ በጋሪ የሚያጓጉዙት ሳይቀሩ ጋሪያቸውን አቁመው ያናግሩታል። እኔ በዚያው መንገድ ለብዙ ዓመት ስመላለስ ጋሪ የቆመልኝ ለማሳለፍ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ጋበዝሁት። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ በየሳምንቱ «ያ ልጅ ለምን አይመጣም?» ትለኝ ጀመር።

«ሥራ አለበት» አልኋት።

«አንተም ሥራ አለብህ፤ ግን ትመጣለህ» አለችኝ ስቃ። «እርሱ ሲኖር ደግሞ አንተም ትናገራለህ።»

ለዚህ ስሜት ለረጅም ጊዜ ሌላ ስም ስሰጠው ኖርሁ። ለሙያው መቆርቆር ነው አልሁ፤ የትውልድ ልዩነት ነው አልሁ። ቅናት ነበር። የቀናሁትም በደመወዙ ወይም በወጣትነቱ አይደለም። እኔ በሰንጠረዥ የምደርስበትን ነገር እርሱ በሰላምታ ስለሚደርስበት ነው።

የቡድን መሪያችን ጡረታ ሲወጡ ቦታው ክፍት ሆነ። ቦታውን ፈለግሁት። ከመሰናበቴ በፊት ላገኘው የምችለው የመጨረሻው እርከን ነበር። ወይዘሮ መሠረት ሁለታችንን ጠርተው «ለሁለታችሁም ይገባል» አሉን። «የሆቴል ባለቤቶቹ መስከረም ለምን እንደሚደርቅባቸው በየዓመቱ ይጠይቁኛል። እስቲ አስረዱልኝ። ከዚያ እወስናለሁ።»

ለአዳራሹ ስብሰባ ተዘጋጀሁ። የክረምቱ ጭቃ እንዳልደረቀ፣ ትምህርት ቤት በመከፈቱ ወላጅ ከቤቱ እንደማይነቃነቅ፣ የውጭው ጎብኚ ገና መንገድ እንዳልጀመረ በየተራ አብራራሁ። በግራፉ ላይ የመስከረም አጋማሽ እንደ ጉድጓድ ገብቶ ይታያል። ስጨርስ በሲቀላ አነስተኛ ሆቴል ያላቸው ወይዘሮ ዘነበች ተነሡ።

«መምህር፣ ሁሉም ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ ዶርዜ በሚመጣው መኪና ወንበር አይገኝም ይባላል። መኪናው ሞልቶ ሳለ የእኔ አልጋ ስለምን ይጾማል?»

ወደ ሰንጠረዡ ዞርሁ። ማቴዎስ ከኋላ ወንበር ሳይነሣ እጁን አወጣ።

«እማማ ዘነበች፣ ማን መጣ ማን ቀረ በምን ይታወቃል? በዚያ ሳምንት እኮ ቆጣሪ የለም! የዶርዜው ቆጣሪ እናቱ ቤት ነው። የጀልባው ቆጣሪ እናቱ ቤት ነው። የእርስዎ እንግዳ ተቀባይም ፈቃድ ወስዳ ደጋ ወጥታለች። እኔ ራሴ አባቴ ቤት ሥጋ እየቆረጥሁ ነው። ታዲያ ማን ይቁጠር?»

«እውነቱን ነው!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «የእኔዋ በመስቀል አንድ ቀን ውላልኝ አታውቅም።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ መሠረትም ሳቁ።

እኔ ይህን አውቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ቅጽ አይመጣልኝም። በየዓመቱ በቦታው «መረጃ አልደረሰም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ቁጥር የሌለበትን ቦታ እንደ ዜሮ ቆጥሮ መስመሩን ወደ ታች ይስበዋል። ይህንኑ በዘገባዬ ውስጥ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ገልጬዋለሁ። እርሱ ግን የነገረው ለራሳቸው ለእማማ ዘነበች ነበር። በመስቀል ቢሮ የምውለውም እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከሩቅ አገር ተመድቦ መጥቶ ከተማው ውስጥ ወለደኝ። ሌላው ሰው ወደ ደጋ ሲወጣ እኔ የምወጣበት ደጋ የለኝም።

«እንግዲያው ዘንድሮ ሁለታችሁ ቁጠሩልኝ» አሉ ወይዘሮ መሠረት።

«በመስቀል?» አለ ማቴዎስ ጭንቅላቱን ይዞ። «እናቴ ትረግመኛለች!»

በበዓሉ ዋዜማ ወደ ዶርዜና ጨንቻ በሚያወጣው መገንጠያ ላይ ቆምን። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ የአባያን ሐይቅ በግራው አድርጎ ይመጣና ከተማችን ሳይደርስ እዚህ ያቆማል፤ ሰው ወርዶ ወደ ደጋው በሌላ መኪና ይሳፈራል። ከተማው ሳያየው የሚያልፈውም ለዚህ ነው። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎብኚ ነዎት ወይስ ነዋሪ?» የሚል ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ሰው በሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሸማኔ ነው። ብርድ ልብስ ተሸክሞ፣ ሁለት ልጆች አስከትሎ ከአውቶቡሱ ወረደ።

«ምን አሉኝ?» አለ። «ጎብኚ? በአባቴ ደጅ? እንግዲያው ፎቶ ያንሡኝ!»

ገና ያልወረዱት በመስኮት ሳቁ። ከኋላው የነበረች ሴት «እኔን ነዋሪ ብለው ይጻፉ፤ እትብቴ እዚህ ነው» አለች። ሁሉም ነዋሪ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በቅጼ ላይ ከቤቱ ያልወጣ ሆኖ ተመዘገበ።

«እርስዎስ ጋሼ፣» አለኝ ሸማኔው በቅንነት፣ «ለመስቀል የሚገቡት ማን ቤት ነው?»

ወደ ቀጣዩ ገጽ ገለበጥሁ።

ሁለተኛው አውቶቡስ ሲደርስ ማቴዎስ መጠይቁን ሳይዝ በሩ ላይ ተንጠለጠለ። «ዮ ማስቃላ!» ብሎ በጋሞኛ የበዓሉን ሰላምታ ሲያሰማ አውቶቡሱ በሙሉ መለሰለት። ከዚያ በአማርኛ «ከደጋው መቼ ነው የምትወርዱት?» ሲል ጠየቀ።

«ሳምንቱን ሰንብቼ» አለ አንዱ።

«እኔማ ወዴት ልውረድ? ቤቴ እኮ ላይ ነው!» አለ ሌላው።

«አዲስ አበባ የተወለዱት ልጆቼ አዞ ካላየን ብለው አስጨንቀውኛል» አለች አንዲት እናት። «ስንወርድ አንድ ቀን ከተማ እናድራለን። ለልጆች የሚሆን አልጋ የት ይሻላል?»

በሩ ሥር ቆሜ እጽፋለሁ። የመመለሻ ቀን የነገረን ሰው ጎብኚ ነው። በጥያቄው የሳቀው ነዋሪ ነው። ማንም አልተቀየመም፤ ማንም አልተደበቀም። ጎብኚን ጎብኚ የሚያሰኘው መመለሱ መሆኑን ለተማሪዎቼ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። አንድም መንገደኛ ግን በዚህ ቃል ጠይቄ አላውቅም።

በማግሥቱ ማቴዎስ አባቱ ቤት ይዞኝ ገባ። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው፤ ደመራ አይለኩስም፤ ለመስቀል ግን ከየአገሩ ቤቱ ይሰበሰባል። ሥጋና ቆጮ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበ። የማቴዎስ አባት እጄን ይዘው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝና «ቆጣሪው አንተ ነህ? እስቲ እነዚህን ቁጠራቸው» ብለው በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ላይ እጃቸውን አዞሩ። ማቴዎስ ከወንድሞቹ መካከል ሆኖ ይስቃል። ምግቡ መልካም ነበር። እኔ በልቤ ውስጥ ከዳጣው የባሰ የሚያቃጥል ነገር ይዤ በላሁ።

ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «መምህር፣ እርስዎ ይጻፉት፤ እኔ ወረቀት ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብሎኝ ነበር። በሽፋኑ ላይ እንደ ደንባችን የአዘጋጁ ስም ብቻ ሰፈረ።

ወይዘሮ መሠረት አንብበው ሲጨርሱ ብቻዬን ጠሩኝ። በሩን ዘጉ።

«ይህ ሥራ ከዚህ በፊት ካየሁት ሁሉ ይበልጣል» አሉ። «የአልጋውን፣ የልጆቹን፣ የመመለሻውን ነገር ሁሉ የከፈተው አንዱ ጥያቄ ነው። መቼ ትወርዳላችሁ የሚለው። ማን አመጣው? የእርስዎ ከሆነ የቡድን መሪነቱ ነገር አለቀ፤ ዛሬ ፈርሜ አወጣዋለሁ።»

ማቴዎስ የዚያን ዕለት የፎቶግራፍ ባለሙያዎችን ይዞ ጫሞ ወርዶ ነበር። የእኔ ነው ብል የሚቃወመኝ አልነበረም፤ ምናልባት ራሱም አይቃወመኝም ነበር። ቦታውን ከእርሱ ይበልጥ እፈልገው ነበር። በሙያችን ግን ከእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ሥር «ምንጭ» የሚል መስመር አለ። ያ መስመር የተሳሳተበት ሰንጠረዥ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

«የማቴዎስ ነው» አልሁ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ከአውቶቡሱ በር ሥር ቆሜ ነበር። ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ።»

ወይዘሮ መሠረት የሪፖርቱን ሽፋን መልሰው አዩ። «ዘገባው ላይ አልተጻፈም» አሉኝ።

«እጽፈዋለሁ» ብዬ ወረቀቱን ወሰድሁ።

ማቴዎስ ቡድን መሪ ሆነ። በቀጣዩ መስቀል ወይዘሮ ዘነበችና ጎረቤቶቻቸው ከደጋ ለሚወርዱ ቤተሰቦች ሰፋ ያሉ ክፍሎች አዘጋጁ። ጀልባ ነጂዎቹ ተራ ተመዳድበው በዓሉን በፈረቃ ዋሉ። በግራፉ ላይ የነበረው ጉድጓድ ተሞላ። ይህ ሁሉ የተነገረው በእርሱ ስም ነው፤ የሚገባውም እንዲሁ ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእርሱ ሥር ሠራሁ። አንድ ቀን እንኳ አላዋረደኝም፤ ይህም አልቀለለኝም። ዛሬም በሬዲዮ ድምፁ ሲሰማ ባለቤቴ ሬዲዮውን ታስጮኸዋለች፣ እኔ ደግሞ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ሲደውልልኝ በደንብ አነጋግረዋለሁ።

ይህን ሥራ ለምትቀጥሉት የምነግራችሁ ጥቂት ነው። መንገደኛን ማን እንደሆነ አትጠይቁት፤ መቼ እንደሚመለስ ጠይቁት። ጥያቄውን ሌላ ሰው አምጥቶት ከሆነ ስሙን ጻፉ። ቀናችሁም አልቀናችሁም ይጻፋል።