አጎቴ የመረጡት ትራንስፎርመር

«አያ፣ ይሄኛው እኮ ይጮሃል! የእማማ ድምፅ ደክሟል፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አልኳቸው አጎቴን።

«ጩኸት ከፈለግህ ገበያ ውጣ!» አጎቴ ትራንስፎርመሩን ነቅለው ሌላውን መበየድ ጀመሩ።

ሰቆጣ ካለችው የሬዲዮ መጠገኛ ቤታቸው ውስጥ ነን። የአሮጌው ሪባን ማይክራፎን ትራንስፎርመር ተቃጥሏል። ውስጡ ያለችው ስስ ብረት የምታነሳው ድምፅ ደካማ ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሰማም፤ ስለዚህ ከመቀሌ ሁለት መተኪያ አምጥቻለሁ። ልጃቸው በማግስቱ ወደ ቤይሩት ትሄዳለች፤ የአያቷን ምርቃት በካሴት ይዛ መሄድ ፈልጋለች።

አጎቴ ማይክራፎን ሲሞክሩ «ሄሎ፣ አንድ ሁለት» አይሉም ነበር። እናታቸውን፣ እማማን፣ አስቀምጠው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ያስወሯቸዋል፤ ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከጉሮሮ የሚወጡትን ድምፆች ያደምጣሉ። በሚጮኸው ትራንስፎርመር እነዚያ ድምፆች ተድበስብሰው ቀሩ። በሁለተኛው ዝቅ ብለው፣ ግን ሙሉ ሆነው መጡ።

«ያነሰውን በአምፕሊፋየር ከፍ እናደርገዋለን» አሉኝ። «የጠፋውን ግን ከየት እናመጣዋለን?»

ዛሬ እሳቸው የሉም። ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጬ «የቱ ይሻላል?» ብዬ ቀና ስል፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያደምጥልኝ ሰው የለም።

ያን ቀን ምርቃቱ ተቀዳ፤ ልጃቸውም ሰማችው።

«እማማ ከመናገራቸው በፊት ሲተነፍሱ እንኳ ይሰማል» አለች።

ካሴቱን በነጠላዋ ጠቅልላ የአባቷን ጉልበት ሳመች። እሳቸው እንዳቀረቀሩ ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።