ትራክተር የነበርኩበት ዓመት

ልጅ እያለሁ ትራክተር ነበርኩ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት፣ ጅግጅጋ ውስጥ እኩዮቼ በየግቢያቸው ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱና በሬዲዮ የሚተላለፈውን ትምህርት እንሰማለን ብለው እንቅልፋቸውን ሲለጥጡ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሳሚ ከሁለት አጠናና ከእኔው መዝለያ ገመድ የተሠራ ትራክተር ሆነን ከግራር ግራር ስንዞር ከረምን። ሞተሩ እኔ ነበርኩ፤ ማረሻው ሳሚ።

አባዬ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው። ከመሃል አገር መጥቶ ጅግጅጋ ሱቅ ከፈተ፣ ዘግይቶም ቢሆን እማዬን አገባ፣ እኛን ወለደ፤ ልቡ ግን አንድም ቀን ሚስማር ላይ አልነበረም። የገበሬ ልጅ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ረጅም ቁመቱን የሱቁ በር ላይ አስደግፎ የረጠበውን አፈር ያሸትና «አሁን እኮ መሬት ቢኖረኝ» ይላል። እማዬ በዚህ መሀል የቀለም ባልዲ ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ታወርዳለች። እሷ አጭር ናት፤ ያለ ባልዲው ሁለተኛውን መደርደሪያ እንኳ አትደርስበትም። ደንበኛ የምታስተናግደውም፣ ሱቁን የምትዘጋውም እሷ ነበረች።

ታዲያ በዚያ ዓመት መሬቱ ተገኘ። የሱቁ የቆየ ደንበኛ አደር ኡስማን ከካራማራ ወዲያ፣ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ፣ ግራር የሞላበት ሰፊ መሬት ነበራቸው። አደር በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ልጆቹ እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። መሬቱ ከእሳቸው፣ ማረስና መዝራቱ ከአባዬ፣ ምርቱ እኩል ሊሆን ተስማሙ። እሳቸው ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቁ። በድርቁ ጊዜ ፍየሎቻቸውን ያተረፈላቸው የግራሩ ፍሬ ስለሆነ ከዛፎቹ አንዲት ቅርንጫፍ እንዳትቆረጥ። ደግሞም የክረምቱ ዝናብ ሲገባ መሬቱ ታርሶ ካልተገኘ፣ በየሳምንቱ እየደወለ ለሚለምናቸው የባቢሌ ለውዝ ነጋዴ ይሰጡታል። አባዬ በሽማግሌዎች ፊት ቃሉን ሰጠ። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ተንጠለጠለ።

መሬቱ የከብት መርገጫ ሆኖ ስለኖረ ደርቋል፤ በሬ አይበግረውም። ትልቅ ትራክተር ደግሞ በግራሮቹ መሀል አያልፍም። ስለዚህ ትንሽ ትራክተር መመረጥ ነበረበት፤ ትራክተር መምረጥ ሰውን ሊያሳብድ እንደሚችል ያየሁትም ያኔ ነው። የአባዬ ስልክ በትራክተር ፎቶ ተሞላ። የእኔና የሳሚ ፎቶ ቦታ ያጣብባል ተብሎ ጠፋ። ሰማያዊዋ ጉልበት አላት፣ ግን ዳሌዋ ሰፊ ነው። ብርቱካናማዋ ቀጭን ናት፣ ግን ለደረቅ መሬት አቅም የላትም። አረንጓዴዋ ሁሉን ታሟላለች፣ መለዋወጫዋ ግን የለም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አንዷን ይመርጥና ማታ እያፏጨ ይገባል፤ ጠዋት ሲነሳ ምርጫው ከጫቱ ጋር አብሮ በርዷል። የሻጩ ሠራተኛ ስልኩን ማንሳት አቆመ። እማዬ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ትዕግሥቷ አለቀና «አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንኳ በሁለት ሳምንት ነው የመረጥከኝ!» አለችው። እሱም ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ «አንቺ ዛፍ መሀል አታልፊም ነበራ» አላት።

በሬዲዮ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ እየተባለ በቀን አሥር ጊዜ ይነገራል። ግራሮቹ ግን አልተራራቁም። አባዬ ሜትሩን ይዞ ለካ፣ ደብተር ላይ ጻፈ፣ የጻፈውን አላመነም፣ እንደገና ለካ። በመጨረሻ አጠናዎቹን ቆርጦ፣ ገመዴን ቀምቶ፣ ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ወርድና ከነማረሻው ያለውን ርዝመት አስሮ ለእኔና ለሳሚ አሸከመን። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚኒባስ ተሳፍረን እንሄድና «ዛሬ ሰማያዊዋ ናችሁ» ይለናል። በሳምንቱ ገመዱ ተፈትቶ ይታሰርና ብርቱካናማዋ እንሆናለን።

ፀሐዩ፣ አቧራው፣ የግራሩ አበባ ሽታ፣ አፋችን ላይ የረጠበው ማስክ ሁሉ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ሳሚ ማረሻ ሆኖ ሳለ የሞተር ድምፅ ያሰማል፤ እኔ ደግሞ ሞተሩ እኔ ነኝ ብዬ እጣላዋለሁ። አባዬ በረጅም ቁመቱ ከየቅርንጫፉ ሥር ጎንበስ ቀና እያለ ይከተለንና «ሳራ፣ ዝም ብለሽ እንደ ሰው አትታጠፊ! ትራክተር ለመዞሪያ ቦታ ይፈልጋል!» ብሎ ይጮኽብኛል። አደር ኡስማን ጥላ ሥር ሆነው በፔርሙዝ የመጣላቸውን ሻይ በወተት እየጠጡ ያዩናል። አንድ እሑድ «ወርያ ግርማ፣ ይሄ ትራክተርህ ጥሩ ነው፣ ወላሂ፤ ናፍጣ አይበላም» አሉት። አባዬ አልሳቀም። እኔ አፍሬ ማልቀስ ዳድቶኝ ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ቀይዋ ተመረጠች። ከሁሉም ጠባብ ናት፣ አቅሙም አላት፤ እኔና ሳሚ ቀይዋ ሆነን አንድም ግንድ ሳንነካ መሬቱን ሦስት ጊዜ ዞረነዋል። ከድሬዳዋ በአይሱዙ ተጭና የደረሰች ቀን ካራማራ ላይ ደመና ተቆልሏል። የለውዝ ነጋዴውም መጥቶ ከአደር ኡስማን ጎን ተቀምጧል። አባዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቀና ብሎ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አይቼበት በማላውቀው ኩራት ወጥቶ ተቀመጠና ሞተሩን አስነሳ።

መግቢያው ላይ ካለው ከመጀመሪያው ግራር አላለፈም። ጎማዎቹ በትክክል አለፉ፤ እሱን ግን ቅርንጫፉ ያዘው። እሾሁ ባርኔጣውን ነጥቆ ሸሚዙን ከትከሻው እስከ ወገቡ ተረተረው። ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ በኩል ሞከረ፣ ያው ነው። መሪው ላይ ተደፍቶ ሞከረ፣ ፊቱን ማየት አቃተው። ስንት ወር ሙሉ ወርድና ርዝመት ስንለካ ከፍታን ያሰበ ሰው አልነበረም። ትራክተሩ እኔና ሳሚ ነበርን፤ እኛ ደግሞ አጭር ነበርን። እሱ ራሱ በእግሩ ሲዞር ጎንበስ ማለቱን ስለለመደው ቅርንጫፎቹን ልብ ብሏቸው አያውቅም።

ነጋዴው ሳቁን ለመደበቅ ማስኩን ከፍ አደረገ። አባዬ የተቀደደ ሸሚዙን ይዞ ቅርንጫፉን አየ፣ አደር ኡስማንን አየ። መቁረጥ አይችልም፤ ቃል ገብቷል። ነጎድጓድ ተሰማ። ያኔ ያየሁት ፊቱ እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል።

እማዬ ናት የተነሳችው። ሰፊውን የሱማሌ ቀሚሷን፣ ድሪያዋን፣ ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ወደ ትራክተሯ ሄደችና «ውረድ» አለችው። «ስንት ወር ያደረቅከን ለእኔ ስትለካ ነው።»

ከባጃጅና ከሚኒባስ ኋላ ወንበር በቀር መኪና ላይ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት! የአይሱዙው ሹፌር ከጎኗ ቆሞ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን አሳያት። ሁለት ጊዜ አጠፋችው፣ ሦስተኛው ላይ ተንቀሳቀሰች። ቅርንጫፉ ከሻሿ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ቀጥሎ የት እንደምትታጠፍ ግን አታውቅም፤ መንገዱን በቃላችን የምናውቀው እኔና ሳሚ ነን። አጠናዎቹን ተሸክመን ከፊት ከፊቷ ሄድን፤ ለመዞሪያ ቦታ እየተውን፣ እንደ ትራክተር እየታጠፍን። ሳሚ ያንን ድምፁን እያሰማ ነበር፤ በዚያ ቀን አልተጣላሁትም። አደር ኡስማን ተነስተው ቆሙና «ወርያ ግርማ፣ ትራክተሩ ወለደች!» ብለው ጮኹ። ፈሩ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነበር፤ ግን ዝናቡ ሲወርድ መሬቱ ታርሷል። ነጋዴው ሳይሰናበት ሄደ።

ያ ሁሉ አለፈ። ቀይዋ አርጅታለች፣ እማዬም ጉልበቷን ስለሚያማት ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቷታል። ሳሚን ከኳስ ሜዳ የሚያወጣው የለም። እኔ ድሬዳዋ እየተማርኩ ነው፤ አባዬ ደግሞ ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ እያለሁ በቴሌግራም የትራክተር ፎቶ ይልክልኛል። ሰማያዊዋ እንደገና መጥታለች፣ ዳሌዋ አሁንም ሰፊ ነው። ያኔ ገመዴን ነበር የቀማኝ፣ ዛሬ የስልኬን ካርድ ይጨርስብኛል። ባለፈው ለዕረፍት ስሄድ አጠናዎቹን አውጥቶ ጠበቀኝ። ሹፌር ሊቀጥር ነው፤ ሹፌሮች ደግሞ ረጃጅሞች ናቸውና ዘንድሮ ከፍታም ይለካል፤ ከእሱ ቀጥሎ ከቤቱ ረጅሟ እኔ ነኝ።

በዚህ ዕድሜዬ አጠና ተሸክሜ ገባሁ። የመጀመሪያው ግራር ላይ፣ እዚያው፣ ከላይ ያሰርኩትን ፀጉሬን ያዘኝ። ያኔ ሳላየው እሮጥበት የነበረ ቦታ ነው። እማዬ ከጥላው ሥር «ግርማ፣ ልጅቷን ልቀቃት!» ብላ ጮኸች። እሱ መጥቶ ፀጉሬን ከእሾሁ ላይ አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። «አደግሽብኝ» አለ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

በስንት ወር የተጠራቀመ ንዴቴን ልነግረው ዞር አልኩ። አባዬ ከፊቴ ቆሟል። ቅርንጫፉ ከራሱ በላይ ነው፤ ያው ሸሚዙን የተረተረው ቅርንጫፍ። ጎንበስ አላለም፤ ጀርባው በራሱ ጊዜ ጎብጦለታል። መቼ እንደሆነ አላየሁም፤ ማናችንም አላየንም። አጠናዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ሹፌር አትቅጠር፣ አባዬ» አልኩት። «አንተው ትነዳታለህ።»

ሳቀብኝ። «እኔማ ረጅም ነኝ፣ እሾሁ ይይዘኛል» አለኝ፣ ከቅርንጫፉ ሥር እንደ ቆመ።